ሳይቆጠሩ የቀሩት በረራዎች

ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 28 ቀን 1986) ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ከፍሎሪዳ በተነሣች በ73ኛው ሴኮንድ ሰማይ ላይ ተበታተነች። ሰባቱ ተሳፋሪዎቿም በሙሉ አለቁ። የአደጋው መንሥኤ በቀኙ ሮኬት መጋጠሚያ ላይ የነበረው የጎማ ቀለበት ትኩሱን ጋዝ አግዶ መያዝ አለመቻሉ ነበር። ይሁን እንጂ ከጎማው ድክመት ሌላ፣ በመረጃ ለሚሠሩ ባለሙያዎች ሁሉ የሚበጅ ትምህርት በዚህ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ይኸውም መረጃ ሲጣራ ምን ሊጠፋ እንደሚችል የሚያሳይ ነው።

በዋዜማው ምሽት ሮኬቱን የሠራው የሞርተን ታዮኮል ኩባንያ መሐንዲሶችና የናሳ ኃላፊዎች በስልክ ተወያዩ። ሮጀር ቦይስጆሊን የመሳሰሉ መሐንዲሶች ብርድ ጎማውን እንደሚያደርቀው በማስረዳት፣ ሙቀቱ ከ53 ዲግሪ ፋራናይት (12 ሴንቲግሬድ ገደማ) በታች ከሆነ መንኮራኩሯ መነሣት እንደሌለባት ተከራከሩ። ለንጽጽር የታዩት ግን ቀድሞ ጉዳት የደረሰባቸው በረራዎች ብቻ ነበሩ። እነዚህ ሰባት በረራዎች ከ53 እስከ 75 ዲግሪ ባለው ሙቀት መካከል ተሠራጭተው ስለ ተገኙ፣ ጉዳቱ በብርድም በሙቀትም እኩል የሚደርስ መሰለ። በመጨረሻም የኩባንያው አስተዳዳሪዎች የመሐንዲሶቹን ምክር ሽረው መንኮራኩሯ እንድትነሣ ተስማሙ።

ከአደጋው በኋላ በዊልያም ሮጀርስ የተመራው መርማሪ ኮሚሽን ያደረገው ነገር ቀላል ነበር። የተተዉትን በረራዎች መልሶ በሥዕላዊ መግለጫው ላይ አሰፈራቸው። በ66 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከተደረጉት 20 በረራዎች ጉዳት የታየው በ3ቱ ብቻ ሲሆን፣ በ63 ዲግሪና ከዚያ በታች ከተደረጉት 4 በረራዎች ግን በ4ቱም ላይ መሆኑ በግልጽ ታየ። በአደጋው ዕለት መንኮራኩሯ ስትነሣ የአየሩ ሙቀት 36 ዲግሪ (2 ሴንቲግሬድ ገደማ) ነበር።

ስሕተቱ መረጃው መጣራቱ አልነበረም፤ ማጣሪያው ሊጠና በተፈለገው ውጤት ላይ መመሥረቱ እንጂ። ብርድ ጉዳት ያስከትል እንደሆነ ለማወቅ፣ ጉዳት ያልደረሰባቸው በረራዎችም የግድ መቆጠር ነበረባቸው።

ነጥቦችን በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ለይቶ መሸፈን በዚያን ጊዜም አዲስ ነገር አልነበረም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ጆን ተኪ፣ ጄሮም ፍሪድማንና ሜሪ ኤለን ፊሸርኬለር በስታንፎርድ የሠሩት ፕሪም-9 የተባለው ሥርዓት ይህንኑ ያስችል ነበር። ዛሬ ግን ማንኛውም ባለሙያ አንዲት ቁልፍ በመጫን ሺህ ነጥቦችን ከዓይን ሊሰውር ይችላል። የተሰወረው ነጥብ ደግሞ ባዶ ቦታ እንጂ ምልክት አይተውም። ስለሆነም በእያንዳንዱ የተጣራ ሥዕል ግርጌ፣ ከስንቱ ስንቱ እንደ ቀረና በምን መመዘኛ እንደ ተለየ መጻፍ ተገቢ ነው።

በዚያች ምሽት የታዩት ሰባት ነጥቦች አንዳቸውም ሐሰት አልነበሩም። ዋነኞቹ ምስክሮች ግን አንዳችም ጉዳት ያልታየባቸው 17ቱ በረራዎች ነበሩ፤ እነርሱም አልተጠየቁም።