ማን ይሂድ? ከዲማ የመውጣት የቆየ ሒሳብ

ባለፈው እሁድ የአጎቴ ልጅ ከዲማ ደወለልኝ። በአሥር ዓመት ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው። የጎጃምን የስልክ ሰላምታ መቼም ታውቁታላችሁ፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ታመመው፣ ስለ ሞተው፣ ስለ ተዳረው ሁሉ ተወርቶ ካላለቀ ወደ ጉዳዩ አይገባም። «እሺ፣ እሺ» ስል ቆየሁና በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንተ ልጅ፣ ተምረሃልና አንድ ሒሳብ አስላልኝ» አለኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ከባልና ሚስቱ አንዳቸው ሳዑዲ ሊሄዱ ነው። ሦስት ልጆች አሏቸው፤ ትልቋ ሰባተኛ ክፍል ናት። እሱ ከሄደ መንገዱ በደላላ፣ በጅቡቲ በኩል ነው፤ ደላላው 150,000 ብር ጠይቆታል። እሷ ከሄደች ግን በኤጀንሲ፣ በአውሮፕላን፣ የቤት ሠራተኛ ሆና ነው፤ ወጪውም ያን ያህል አይደለም። «እና ማን ይሂድ?» ነው ጥያቄው።

እኔም እንደ ከተሜነቴ የስልኬ ማስያ የሚበቃ መስሎኝ «በአንድ ሰዓት ውስጥ መልሼ እደውላለሁ» አልኩት። ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ቁጥሩ ከብዶኝ አይደለም። ይህን ሒሳብ የዲማ ሰው ከእኔ በፊት ብዙ ጊዜ አስልቶታል፤ እንዴት እንዳሰላው ሳላይ የራሴን መጀመር አልቻልኩም።

ዲማን አብዛኞቻችን የምናውቃት በእግራችን ሄደን ሳይሆን በመጽሐፍ ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ፣ በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ተርኮት፣ ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል ያላለቀሰ ቤት የለም። እስቲ ለአንድ አፍታ ፍቅሩን ወደ ጎን እንተወውና በዛብህን በእንጀራ ፈላጊ ዓይን እንየው። የማንኩሳ ልጅ ነው። ለትምህርት ከወላጆቹ ተለይቶ ዲማ ጊዮርጊስ ገባ። ከዚያ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሊያስተምር ወደ ጌታ ቤት ተጠራ። ዘመድ ሩቅ ነው፤ ከአሠሪው ጋር የተጣላ ቀን አገር ጥሎ ከመሸሽ በቀር ምርጫ የለውም። ሪያድ ያለች የአገራችንን ልጅ አልመሰላችሁም? (ሥነ ጽሑፍ ያጠናችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ።) ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም ቢሆኑ ደብረ ማርቆስ አጠገብ ተወልደው፣ ዲማን ጨምሮ በጎጃም አድባራት ተምረው ወደ አዲስ አበባ የወጡ ሰው ናቸው። መውጣቱን ከወሬ አላገኙትም።

የቆሎ ተማሪው ሒሳብ እንዴት ነበር? ልጁ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ ይወጣል። የትራንስፖርት ወጪ እግሩ ነው። ምግቡን አባቱ አይልክለትም፤ «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ ሲቆም የማያውቀው ባላገር ቁራሽ ይሰጠዋል። በዛሬ ቋንቋ ብናስቀምጠው የአንድን ተማሪ ወጪ አገሩ በሙሉ ይጋራዋል ማለት ነው። ዲማን የሚያህል የቅኔ ደብር ያን ሁሉ ተማሪ ያኖረው በዚህ መንገድ ነው። ቤተሰቡ የሚያጣው አንድ እረኛ ነው። ልጁ አሥር ዓመት ቆይቶ መሪጌታ ሆኖ ሊመለስ ይችላል፤ ሳይመለስም ሊቀር ይችላል፤ ብዙ እናት በዚህ አልቅሳለች። ይሁንና የቀረው ልጅ የተወው ዕዳ አልነበረም። ቤቱን አራጣ አበዳሪ መጥቶ አያንኳኳም።

ሁለተኛው መውጣት ወደ ቆላው ነው። በ1950ዎቹ ዓ.ም. በሰቲት ሁመራ ሰፋፊ የሰሊጥና የጥጥ እርሻዎች ሲስፋፉ ከጎጃም፣ ከጎንደርና ከትግራይ ደጋ ሰው ወደዚያ ወረደ፤ መተማም እንደዚሁ። የአያቴ ወንድም ከነዚህ አንዱ ነበሩ። እኔ በልጅነቴ የማስታውሳቸው በሸንኮራ አገዳና በቁጣ ብቻ ነው፤ አሁን ግን ሳስበው የቤታችን ጎበዝ የሒሳብ ሰው እሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም። ለምን ብትሉ፣ የሰሊጥ አጨዳ ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ እስከ ጥቅምት የሚሄድ ነው። ሰሊጥ ደግሞ ከደረሰ በኋላ ቀን አይሰጥም፤ ፍሬው ተከፍቶ ይረግፋል። ስለዚህ ባለ እርሻው ሰው በችኮላ ይፈልጋል፣ በጥሬ ገንዘብም ይከፍላል። የደጋው ጤፍ የሚታጨደው ከኅዳር ወዲህ ነው። እንግዲህ አራሹ የራሱን ማሳ አርሶ፣ ዘርቶ፣ አርሞ ሲያበቃ ያለችውን ክፍተት ቆላ ወርዶ ይሠራባታል፤ ለራሱ አጨዳ ይመለሳል። ቤቱ አልፈረሰም፣ በሬው አልተሸጠም፣ መሬቱም ለሌላ አልተሰጠም። የመጣው ገንዘብ በአዝመራው ላይ የተጨመረ እንጂ በአዝመራው የተለወጠ አይደለም።

ነጻ ገንዘብ ነበር ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። ሁመራ ወባ አለ፤ የደጋ ሰው ደም ደግሞ ለወባ እንግዳ ነው። ከወባውም የከፋ ካላዛር አለ። የአሸዋ ዝንብ የምታስተላልፈው ይህ በሽታ ሆድ ያሳብጣል፣ ሰውነት ያከሳል፣ ካልታከመ ይገድላል። ወደ ሁመራና መተማ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች በሽታ ተብሎ እስኪታወቅ ድረስ ብዙ ደገኛ ጨርሷል። የአያቴ ወንድም ወደ ቆላ መውረድ ያቆሙት «ጠገብኩ» ብለው ሳይሆን አብረዋቸው የወረዱ ጓደኛቸውን እዚያው ቀብረው ከተመለሱ በኋላ ነው።

በደርግ ዘመን አገር ለቆ ለመውጣት የመውጫ ቪዛ ያስፈልግ ነበርና የውጭው ሒሳብ ለተራ ሰው የተዘጋ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ ቤይሩት፣ ቀጥሎ የባሕረ ሰላጤው አገሮች። አንድ ትልቅ ለውጥም አብሮ መጣ። ቅኔ ቤቱ የሚጠራው ወንድ ልጅን ነው፤ የሰሊጡ እርሻ በአብዛኛው ጎልማሳ ወንድ ነበር የሚጠራው። ይህኛው ገበያ የጠራው ሴትን ነው። (ሴቶች በፊትም ወደ ከተማ ይወጡ ነበር፤ አዲስ አበባ ስንት ቤት በጎጃም ልጅ እንደተያዘ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ከባልና ከልጆች ተነጥላ ሁለት ዓመት ባሕር ማዶ የምትከርም እናት በዲማ ታሪክ አዲስ ናት።)

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። የሳዑዲ ሪያል ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ከዶላር ጋር ተቆራኝቷል፤ አንድ ዶላር 3.75 ሪያል ነው፣ አይነቃነቅም። የእኛ ብር ግን አንድ ቦታ አልቆመም። እስከ 1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር 2.07 ብር ስለነበር አንድ ሪያል 55 ሳንቲም ያህል ነበር። በዚያው ዓመት ዶላር 5 ብር ሲደረግ ሪያሉ 1.33 ሆነ። በ2002 ማብቂያ ላይ ከ4 ብር አለፈ። በጥቅምት 2010 ብር 15 በመቶ ሲቀንስ 7 ብር ከ20 ገደማ ደረሰ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ከ15 ብር ተነሥቶ በቀናት ውስጥ ከ26 በላይ ሄደ። ያችው አንድ ሪያል ናት!

በኢትዮጵያና በሳዑዲ መካከል በተደረገው ስምምነት ለቤት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ የተባለው 1,000 ሪያል ነው። በ26 ብር እንኳ ብናሰላው በወር 26,000፣ በሁለት ዓመት ኮንትራት 624,000 ብር ይሆናል። ጋሼ ይህን ቁጥር ሲሰማ መጮሁ አይቀርም ብዬ ፈራሁ። ምክንያቱም ብሩ ሲረክስ የላኪ ቤተሰብ ያተረፈ ይመስለዋል፤ በሬውም፣ ማዳበሪያውም፣ ቆርቆሮውም የሚሸጡት በዚያው በረከሰ ብር ነው። የጨመረው የቁጥሩ ዜሮ ነው፤ የሚገዛው በሬ በዚያ ልክ አልጨመረም።

ቀጥሎ የእሱን መንገድ አሰላሁ። 150,000 ብሩን የሚያገኘው በብድር ነው። አራጣው ከመቶ አሥር በወር ቢሆን፣ በወር 15,000 ብር ወለድ ብቻ ነው። መንገድ ላይ በሚባክነው ጊዜ ሁሉ ወለዱ ይቆጥራል። ደርሶ ሥራ ቢያገኝና 1,000 ሪያል ቢከፈለው እንኳ ወለዱ ተከፍሎ የሚተርፈው 11,000 ብር ነው፤ ከዚያ ላይ ይበላል፣ ቤት ይከራያል። ዋናው ዕዳ አይነካም። ግማሹን በሬ ሸጦ ግማሹን ቢበደርስ? ወለዱ በግማሽ ይቀንሳል፤ ማረሻው ግን ይቆማል።

ይህ እንግዲህ ከደረሰ ነው። ሂዩማን ራይትስ ዎች ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት በየመን በኩል ለመግባት የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች መገደላቸውን ገልጿል፤ ሳዑዲ አስተባብላለች። ደርሶም የሚቆይበትን ጊዜ የሚወስነው እሱ አይደለም። በኅዳር 2006 የተጀመረውን መባረር የማያስታውስ የለም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ሰው ተመለሰ። ከነዚያ መካከል ዕዳውን ሳይከፍል በፌስታል ልብስ ይዞ ቦሌ የወረደው ስንቱ እንደነበር አስቡት። የቆሎ ተማሪው ባይሳካለት ባዶ እጁን ነው የሚመለሰው። ይሄኛው ከባዶ በታች ይመለሳል።

የእሷ መንገድ በወረቀት ሲታይ የተሻለ ነው። በ2008 የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ቲኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢንሹራንሱንም አሠሪው ይክፈል ይላል። የእሷ ድርሻ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫና የመሳሰለው ነው። ምግብና መኝታ ከአሠሪው ነው። (በወረቀት ያለውና በር ተዘግቶ የሚደረገው አንድ እንዳልሆነ ከተመላሾች አፍ ሰምተናል፤ ደመወዝ ስምንት ወር የተያዘባት ጎረቤት ነበረችን።)

እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ «እሷ ትሂድ» ይላል። እኔም ልደውል ስልኩን ካነሣሁ በኋላ ነው የአያቴ ወንድም ትዝ ያሉኝ። እሳቸው የሠሩት ሒሳብ ላይ ያለ፣ እኔ ወረቀት ላይ ግን የሌለ አንድ መስመር አለ፤ የቀረው ቤት።

እሱ ሲሄድ የሚጎድለው ግልጽ ነው። በእኛ አገር ሴት ሞፈር አትጨብጥም። መሬቱ ለእኩል አራሽ ይሰጣል፣ ግማሹ ምርት ይሄዳል። ባስ ካለም ወለድ አገድ ይያዛል፤ አበዳሪው በወለዱ ፈንታ ማሳውን ያርሳል፣ ገንዘቡ እስኪመለስ መሬቱ አይመለስም። ይህን ኪሳራ በኩንታል መቁጠር ይቻላል። እሷ ስትሄድ ግን መሬቱ ይታረሳል፣ ጎተራው ይሞላል፣ ጎረቤትም «ምንም አልጎደለባቸውም» ይላል። ውኃው፣ ወፍጮው፣ እንጀራው፣ ሁለቱ ትናንሽ ልጆች፣ የገበያው ጠላ በማን ላይ ይወድቃል? በሰባተኛ ክፍሏ ተማሪ ላይ። የዚህን ኪሳራ መጠን በምን ልቁጠረው? ያንን 624,000 ብር እንደገና አየሁት፤ ወጪው የሚከፈለው በአንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ደብተር ከሆነ ትርፍ ብዬ ልጽፈው እጄ እምቢ አለኝ።

ረቡዕ ማታ ደወልኩና ያሰላሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት። ጋሼ ረጅም ዝም አለ። ከዚያ ስልኩ ኮሽ ኮሽ ብሎ የእትዬ ድምፅ መጣ፤ ለካ አጠገቡ ሆና ስትሰማ ነበር።

«እኔን የጠየቀ ሰው የለም እንጂ ሒሳቡንስ ጨርሻለሁ» አለች። እናቷ መጥተው ሁለቱን ዓመት ከልጆቹ ጋር ሊቀመጡ ተስማምተዋል፤ የእሳቸውን ቀለብ ከአዝመራው ለይታ አስባለች። ልጅቷ ከትምህርት ገበታ አንድ ቀን ብትቀር እናቷ ደውለው ሊነግሯት ቃል ገብተዋል። ስትመለስ ልጅቷ ዘጠነኛ ክፍል ትሆናለች፤ ከቤት ርቃ ቤት ተከራይታ መማር ስለሚኖርባት ከመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ የተወሰነው ለዚያ ይቀመጣል። እኔ ሦስት ቀን የተወዛገብኩበትን መስመር እሷ ዘግታው ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ነው ያልተቋጨው» አለች። «የምልከው ገንዘብ የሚገባበት የባንክ ደብተር በማን ስም ነው የሚወጣው? እሱን ጠይቅልኝ፤ እኔ ስጠይቀው ይስቃል።»

ጋሼ ከኋላዋ ሲያስል ይሰማኛል።