የዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች

በስምጥ ሸለቆ፣ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው የዝዋይ (ደንበል) ሐይቅ ውስጥ የዛይ ሕዝብ ለዘመናት የኖረባቸው አምስት ደሴቶች አሉ፤ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ሲሆን፣ በላዩ ባለው ገዳም ምክንያት ደብረ ጽዮን ተብሎም ይጠራል።

የዛይ አመጣጥ በአፈ ታሪክ ከሁለት ስደቶች ጋር ይያያዛል። አንደኛው በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ቱሉ ጉዶ መግባታቸውን ይተርካል። ሁለተኛው ስለ አሕመድ ግራኝ ጦርነት (1529–1543 እ.ኤ.አ.) ተፈናቃዮች ነው። ቋንቋው ግን ሌላ አቅጣጫ ይጠቁማል። ዛይኛ ሴማዊ ቢሆንም የቅርብ ዘመዶቹ ስልጥኛ፣ ወለንኛና የሐረር ከተማው ሐረሪ ናቸው፤ ከትግርኛ ጋር ያለው ዝምድና ከዚህ የራቀ ነው። ስለዚህ ከአክሱም የመጡ ጥቂት ካህናት ቢኖሩ እንኳ የሕዝቡ መሠረት የደቡቡ የኢትዮጵያ ሴማዊ ማኅበረሰብ ይመስላል።

ሐይቁ ለመጠለያነት የሚያስገርም ጥልቀት የለውም፤ በጥልቁ ቦታ እንኳ ከ9 ሜትር ብዙም አይበልጥም። ያም ሆኖ ዛይዎች በዙሪያው ከሚኖሩ የአርሲ ኦሮሞዎች ጋር ለንግድ እየተገናኙ፣ ኦሮምኛም እየተናገሩ፣ ቋንቋቸውንና ክርስትናቸውን ጠብቀው ኖረዋል። መሬት ጠባብ በመሆኑ ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን አርሰዋል፤ ሸማ ሠርተዋል፤ ከደንገል በሠሩት ታንኳ ዓሣ አጥምደዋል።

ደሴቶቹ የእሳተ ገሞራ ኮረብቶች ናቸው። ሐይቁ በጥንት ዘመን ከላንጋኖ፣ ከአብጃታና ከሻላ ሐይቆች ጋር አንድ ሰፊ ውሃ ነበር። ዛሬ ከመቂና ከቀጠር ወንዞች ውሃ ተቀብሎ ትርፉን በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብጃታ ስለሚለቅ ውሃው ጨዋማ አልሆነም። ጉማሬ፣ ፔሊካንና የዓሣ ንስር ይኖሩበታል። ለረጅም ጊዜ ዋናው የገበያ ዓሣ ቆሮሶ ነበር፤ ካርፕና አምባዛ ኋላ የገቡ ናቸው።

አርሲ በ1880ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በምኒልክ ጦር ከተያዘ በኋላ ደሴተኞቹ ቀስ በቀስ ወደ ዳርቻው መውረድ ጀመሩ። ዛሬ አብዛኞቹ ዛይዎች የሚኖሩት በየብስ ላይ ሲሆን፣ ልጆቻቸው ኦሮምኛና አማርኛ እየለመዱ ዛይኛ ተናጋሪው እያነሰ መጥቷል። ሐይቁም ቢሆን የአበባ እርሻዎችና መስኖዎች ውሃውን ይቀዱታል፤ እምቦጭም ዳርቻውን ይዞታል።