የጋፋት ብረትና የጋይንት ጎዳና

ከጉና ተራራ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚዘረጋው የጋይንት ደጋ በጨጨሆ በኩል ወደ ዋድላ ሲሻገር፣ በደቡብም የእስቴና የስማዳ አገር ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ቆላ ሲያዘቀዝቅ ለሚመለከት ሰው፣ ምድሩ ለእግረኛና ለአጋሰስ እንጂ ለመንኰራኵር የተፈጠረ አይመስልም። ሆኖም በኢትዮጵያ የጥበበ እድ ታሪክ ውስጥ እጅግ ከሚያስደንቁት ሥራዎች አንዱ የተፈጸመው በዚሁ ደጋ ላይ ስለ ሆነ፣ ያለፈውን ዘመን የሚመረምር ሰው ከጦርነት ዜና አልፎ የመንገዱን ነገር ሊጠይቅ ይገባዋል።

በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በቤጌምድር ማረሻና ማጭድ የሚሠራው ቀጥቃጭ፣ ቆዳ የሚያለፋው ፋቂ፣ ገንቦና ምጣድ የምታበጀው ሸክላ ሠሪ፣ ለገበሬውም ለካህኑም ለወታደሩም የማይታጡ ሰዎች ሆነው ሳሉ፣ ቡዳ እየተባሉ ከማዕድና ከጋብቻ ይገለሉ ስለ ነበር፣ ሙያቸው ከአባት ወደ ልጅ በየጎጆው ሲተላለፍ ከመኖር በቀር በአደባባይ የሚከበርበት ጊዜ አላገኘም። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን የኃያላን መንግሥታት ብርታት ከየት እንደ መጣ የተረዱ ንጉሥ ነበሩና፣ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በተባለው ስፍራ የብረት ማቅለጫ አቁመው፣ ወንጌል ሊሰብኩ ከባዝል አጠገብ ከቅዱስ ክሪስኮና የመጡትን እነ ቫልድማየርን መድፍ እንዲሠሩ አዘዟቸው፤ ሰባኪዎቹም ከመጽሐፋቸው ይልቅ በወናፉና በቅርጹ ሲደክሙ ዋሉ።

ንጉሡ ሙያን ከባሕር ማዶ የፈለጉት በልመናም በኃይልም ነበር። በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ መልስ ቢያጣ የእንግሊዙን ቆንስል ካሜሮንንና ሌሎችን አሰሩ፤ በ1858 ዓ.ም. ደግሞ ሚስዮናዊውን ፍላድን ባለ እጅና መሣሪያ እንዲያመጣላቸው ወደ ለንደን ላኩት። የተጠየቁት ሰዎችና መሣሪያዎች ምጽዋ ድረስ መጥተው ነበር፤ ዳሩ ግን እንግሊዞች እስረኞቹ አስቀድመው ይፈቱ፣ ንጉሡም ባለ እጆቹ አስቀድመው ይምጡ በማለታቸው፣ አንዱ ሌላውን ሳያምን ቀርቶ ሰዎቹም መሣሪያዎቹም ከባሕሩ ዳር ተመለሱ። በእስረኛ መያዣነት የተጠየቀ ጥበብ ደጃፍ ደርሶ ተመለሰ ማለት ነው።

ቢሆንም የጋፋት ባለ እጆች ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አፈሰሱ፤ ክብደቱም 7 ቶን ያህል ነበር። በ1860 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል ንጉሡ ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፉን በሠረገላ አስጭነው፣ በጋይንት በኩል ወደ ምሽጋቸው ወደ መቅደላ አምባ ተነሡ። ጉዞው እንዴት ያለ እንደ ነበረ ቀረብ ብሎ ማየት ይገባል። ዳገት በሆነ ጊዜ 500 ያህል ሰው በጠፍር ገመድ ተጠምዶ ሠረገላውን ይጎትታል፤ ቁልቁለት በሆነ ጊዜ ያው ሰው ከኋላ ሆኖ ገመዱን እየወጠረ መድፉ ወደ ገደል እንዳይወርድ ይይዛል፤ መንኰራኵሩም በቆመ ቁጥር ድንጋይ ይታገድለታል። ከፊት ደግሞ ቋጥኙ በባሩድ እየተሰነጠቀ፣ ጎድጓዳው በድንጋይና በአፈር እየተሞላ፣ መንገዱ በዚያው ቀን ተሠርቶ በዚያው ቀን ይታለፍበታል። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ሲፈነቅሉና አፈር ሲያስተካክሉ እንደሚውሉ በዓይናቸው ያዩ የውጭ አገር ሰዎች ጽፈውላቸዋል። ጨጨሆን አልፈው፣ ወደ 1000 ሜትር ጥልቀት ያለውን የጂዳን ሸለቆ ወርደውና ወጥተው፣ በሽሎን ተሻግረው መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ሆኖ ነበር፤ እግረኛ በጥቂት ቀን የሚጨርሰው ጎዳና ስድስት ወር ያህል ፈጀ።

የዚህ ሥራ ዋጋ የተከፈለው በባላገሩ ነው። ቀለብ የሌለው ሠራዊት የቤጌምድርን ጎተራ እያራቆተና መንደሩን እያቃጠለ በማለፉ፣ ገበሬው ሸፈተ፣ ወታደሩም በየሌሊቱ ከዳ፤ አገር ለማቅናት የተነሡት ንጉሥ መንገዱን በሠሩበት አገር የሚገዙት ሕዝብ አጡ። እስረኞቹን ሊያስፈታ የመጣው የእንግሊዙ ጄኔራል የናፒየር ሠራዊት ከባሕሩ ዳር ከዙላ ተነሥቶ ዋድላ ሲደርስ የጂዳን ገደል የወረደው ቴዎድሮስ ባስጠረጉት ጎዳና ነበር፤ ከህንድ በመርከብ የመጡት 44 ዝሆኖችም የእንግሊዝን ከባድ መድፍ ለዚያ ዘመቻ ተሸከሙ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ሞቱ፤ ባለ እጆቹ ከእስረኞቹ ጋር ከኢትዮጵያ ወጡ፤ ሴባስቶፖል እስከ ዛሬ መቅደላ ላይ አለ። ማቅለጫው ግን ከጌታው በኋላ አልቆየም፤ የጋይንትና የእስቴ ቀጥቃጭም እንደ ቀድሞው በወናፉ አጠገብ፣ እንደ ቀድሞው ተንቆ ቀረ።

መቶ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በ1964 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ቻይናን ጎበኙ፤ ከዚያ በተከተለው ስምምነት ቻይናውያን መሐንዲሶች በደርግ ዘመን ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ አድርጎ ወልድያ የሚደርሰውን ጎዳና ሠሩ። የጋይንት ገብስና ድንች በመኪና ለመውጣት የቻለው፣ የባሕር ማዶው ሸቀጥም በነፋስ መውጫ ገበያ የታየው በዚህ መንገድ ነው።

በዚያው በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የእስቴ ተወላጅ የሆኑት ገበሬው ዙምራ ኑሩ፣ ከጥቂት ተከታዮቻቸው ጋር በፎገራ ዐውራ አምባ የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። መሬታቸው ጠባብ በመሆኑ ኑሯቸውን በሽመና ላይ ጣሉ፤ ሸማኔነት በሚናቅበት አገር ሴቷ በመሸመኛው ላይ ተቀመጠች፣ ወንዱም ፈተለ፤ በደርግ ዘመን ተሰደው ከተመለሱ በኋላም ሥራውን አስፋፍተው ጨርቃቸውን ለአገር ጎብኚና ለውጭ እንግዳ ይሸጣሉ።

ንጉሠ ነገሥቱና ገበሬው በማዕርግ የሚወዳደሩ አይደሉም፤ ሁለቱም ግን የእጅ ሥራን ከውርደት ሊያወጡ ተነሥተዋል። ቴዎድሮስ ጥበብን ከባዕድ እጅ፣ ጉልበትን ከተገደደ ትከሻ ስለ ወሰዱ፣ ሥራው ከትእዛዛቸው ዕድሜ አላለፈም፤ የዐውራ አምባ መሸመኛ በሠራተኛው ፈቃድ ስለ ቆመ ከስደትም ተርፏል። ዛሬ በምሥራቅ ደቡብ ጎንደር አዲስ መሣሪያ ለማስገባት የሚያስብ ባለ ሥልጣንም ሆነ ነጋዴ፣ መሣሪያው ከየት እንደሚገዛ ከመጠየቁ በፊት፣ የሚይዘው ሰው ማን እንደሆነና በሙያው ምን ያህል ተከብሮ እንደሚኖር ቢጠይቅ ከጋይንት ጎዳና ታሪክ ተጠቀመ ይባላል።