ታማኝነትና ተቃውሞ በ1928 ዓ.ም.

ከወልድያ ተነሥቶ በመርሳና በውርጌሳ አድርጎ ደሴ የሚገባው መንገድ፣ በ1928 ዓ.ም. የአንድ መንግሥት ዕድል የተመዘነበት የጦር ግንባር መዳረሻ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጠቅላይ ሰፈራቸውን በደሴ አድርገው ከሰነበቱ በኋላ ወደ ሰሜን ዘምተው መጋቢት 22 ቀን በማይጨው ተዋጉ። ድል በራቃቸው ጊዜ ግን በመጡበት ጎዳና መመለስ አልተቻለም። ደሴ ሚያዝያ 7 ቀን በጠላት እጅ ወደቀች፤ ንጉሠ ነገሥቱም በላሊበላ ዞረው፣ በወረኢሉና በፍቼ በኩል ሚያዝያ 22 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

በዋና ከተማይቱ የጠበቃቸው ጥያቄ ከጦር ሜዳው የሚያንስ አልነበረም። በመጀመሪያ የታሰበው መንግሥቱ ወደ ጎሬ ተዛውሮ ውጊያው ከምዕራብ እንዲቀጥል ነበር። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ ተነሣ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ጄኔቭ ሄደው፣ ኢትዮጵያ ከ1916 ዓ.ም. ጀምሮ አባል ለሆነችበት የመንግሥታት ማኅበር አቤት ይበሉ የሚል። ከመሳፍንቱ ራስ ካሣ ኃይሉ መሄዱን ደገፉ። ድምፅ ሲሰጥ 21 ሰዎች ለመሄዱ ሲስማሙ 3 ብቻ ተቃወሙ።

ከተቃዋሚዎቹ ጎልተው የሚታወቁት ብላታ ታከለ ወልደ ሐዋርያት ናቸው። የተቃውሞው መሠረት ከአገሩ ታሪክ የተቀዳ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. በመቅደላ፣ ዐፄ ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ሕይወታቸውን ሰጥተዋል እንጂ አገር ጥለው አልወጡም። በዚያኛው ወገን የነበረው ክርክርም ቀላል አልነበረም። ንጉሡ ቢማረኩ ወይም ቢሞቱ ኢትዮጵያ በሕግ ፊት ስለ እርሷ የሚናገርላት አታገኝም። ሚያዝያ 24 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ፤ በሦስተኛው ቀን ጠላት አዲስ አበባ ገባ።

እንግዲህ ታማኙ ማን ነበር? ለዚህ መልስ መስጠት የሚቀለው ለደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ብቻ ነው። የንጉሠ ነገሥቱ አማች የነበሩት እኒህ መስፍን በጦርነቱ መጀመሪያ ሰሞን ለጠላት ገብተዋልና የእርሳቸው ነገር ክህደት እንጂ የሐሳብ ልዩነት አይባልም። የሌሎቹ ጉዳይ ግን በአንድ ሚዛን አይለካም። ራስ ካሣ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደዱ፤ በአገር ውስጥ የቀሩት ሦስት ልጆቻቸው በ1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ ተገደሉ። በጉባኤው ያልነበሩት ራስ እምሩ እንደራሴነት ተሰጥቷቸው፣ በምዕራብ ሲዋጉ ቆይተው በዚያው በ1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተማረኩ። ብላታ ታከለም በቃላቸው ጸንተው በአርበኝነት ታገሉ።

የጉባኤው ውሳኔ ፍሬ ሁለት መልክ ነበረው። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ የተሰማው ንግግር ማዕቀቡ ከመነሣት አላዳነም። ሆኖም በስደት የቆየው ዙፋን፣ ኢጣሊያ በ1932 ዓ.ም. ወደ ዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ፣ ከእንግሊዝ ጋር የሚዋዋል ሕጋዊ ወገን ሆኖ ተገኘ። በሌላ በኩል፣ በአገር ውስጥ የቀሩት አርበኞች ባይታገሉ ኖሮ በ1933 ዓ.ም. የሚመለሱበት ምድር ጸጥ ብሎ የተገዛ አገር ይሆን ነበር። ስለዚህ የ21ዱም ሐሳብ የ3ቱም ሐሳብ ለነጻነቱ የየድርሻውን አበርክቷል።

የተቃዋሚው ዕጣ ግን ከዚያ በኋላም አልቀለለም። ብላታ ታከለ የንጉሠ ነገሥቱን ወደ ዙፋን መመለስ ተቃውመው ነበር፤ ከነጻነት በኋላ እስከ አፈ ንጉሥነት ቢሾሙም በተደጋጋሚ ታሰሩ፤ በመጨረሻም በ1962 ዓ.ም. በቤታቸው ከፖሊስ ጋር ተኩስ ገጥመው ሞቱ። መንግሥቱ ለሹመት የሚፈልጋቸውን ያህል ለቃላቸው ቦታ አላገኘላቸውም።

ከዚህ ታሪክ የሚቀረው ትምህርት ለማናቸውም ባለሥልጣንና ባለሙያ የሚሆን ነው። በጦርነት ጊዜ ተቃውሞን ከክህደት ጋር አንድ አድርጎ መቁጠር ይቀናል። ዳሩ ግን በምክር ሸንጎ ፊት ለፊት «አይሆንም» ብሎ፣ ከውሳኔው በኋላ ከጠላት ጋር የተዋጋ ሰው፣ እሺ እያለ በሌሊት ለጠላት ከገባው ጋር በአንድ መዝገብ ሊጻፍ አይገባውም። የመንግሥት ጥንካሬም የሚታወቀው ሁለቱን ለይቶ ማየት በመቻሉ ነው።