ለሯጭ የተሠራ ቤት ለኳስ ሲከራይ



ባለፈው ክረምት ከአንድ ለቅሶ ቤት ድንኳን ውስጥ አምሽተን ሳለ፣ ካርታ ይጫወቱ ከነበሩት ወጣቶች አንዱ የእንግሊዝን ኳስ ወሬ አነሣ። «ዌስትሃም አሁን የሚጫወትበት ስታዲዮም እኮ ጥሩነሽ ዲባባ በለንደን ኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘችበት ነው» ቢል፣ ከብርድ ልብሳቸው ውስጥ ሆነው ያዳምጡ የነበሩ አንድ አዛውንት አባላችን ቀና ብለው፣ «ተው እንጂ ልጄ! መንግሥት ለሯጭ የሠራውን ቤት ለኳስ ክለብ ይሰጣል እንዴ?» አሉት። ልጁም «ጋሼ፣ እውነቴን ነው» አለ። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ዘለቀ፤ የሚያስታርቅ ሰውም አልተገኘ።

ልጁ ልክ ነበር። ይሁን እንጂ ከልጁ መልስ ይልቅ የአዛውንቱ ጥያቄ ስለከነከነን፣ ነገሩን ከሥሩ አገላብጠን ለዘንድሮው መጽሔታችን ይህን አዘጋጅተናል። (ዓመታቱ፣ የእኛ ነው ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ በመጀመሪያ በሜትር እንለካው። የሩጫ መም ውስጠኛው ዙር 400 ሜትር ነው። እያንዳንዱ የሯጭ መስመር 1 ሜትር ከ22 ሳንቲ ሜትር ስለሚሰፋ፣ ስምንት መስመር ያለው መም ከጫፍ እስከ ጫፍ 177 ሜትር ያህል ርዝመትና 92 ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ይይዛል። የኳስ ሜዳ ደግሞ 105 በ68 ሜትር ነው። ሜዳውን መሙ መካከል ስናስገባው፣ በጎን በኩል ተመልካቹ ቢያንስ 12 ሜትር ይርቃል፤ ይህስ ይቻላል። ከግቡ ጀርባ የተቀመጠው ግን 36 ሜትር ያህል ከጨዋታው ይርቃል ማለት ነው። በዚያ ላይ የዝላዩና የውርወራው ቦታ አለ። ከዚያ ሁሉ ርቀት ኳሷ መስመር አለፈች አላለፈች ብሎ መማል እንግዲህ ለነፍስም አይበጅ።

እኛ በአዲስ አበባ ስታዲዮም ካታንጋም፣ ሚስማር ተራም፣ ከማን አንሼም ተቀምጠን ያደግን ሰዎች ኳስን ከመም ማዶ ማየት ስለለመድን አይገርመንም። የእንግሊዝ ደጋፊ ግን እንዲህ አልለመደም። የእርሱ አሮጌ ሜዳ በመኖሪያ ቤቶች መካከል ተወትፎ የተሠራ፣ መቀመጫው ከመስመሩ ጥቂት እርምጃ ብቻ የሚርቅ፣ ኳስ የሚወረውረውን ተጫዋች በስሙ ጠርቶ የሚገሥጽበት ቦታ ነው። ልዩነቱ ከዚህ ይነሣል።

ታዲያ ለምን ይገቡበታል? ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ኦሎምፒክ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ከዚያ በኋላ ሰማንያ ሺህ ሰው የሚይዝ ስታዲዮም በሩጫ ብቻ በዓመት ስንት ቀን ይሞላል? አንድ ወይም ሁለት ቀን። ኳስ ግን በየሁለት ሳምንቱ ሕዝብ ያመጣል። ስለዚህ ለሠርግ ሰፊ ዳስ ጥሎ ሠርጉ ሲያልፍ ተከራይ እንደሚፈልግ ሰው፣ የከተማው ሹማምንት የኳስ ክለብ ደጅ ይጠናሉ።

ጀርመኖች ይህን ሲያደርጉ አተረፉ። ባየርን ሙኒክ በ1972 ዓ.ም. ከአሮጌው ግሩንቫልደር ሜዳ ወጥቶ ኦሎምፒክ ስታዲዮም ሲገባ፣ በመጀመሪያው ጨዋታ ሻልከን 5 ለ 1 አሸንፎ በዚያው ቀን የአገሩን ዋንጫ ወሰደ። ማሞ ወልዴ በማራቶን፣ ምሩጽ ይፍጠር በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ያገኙት በዚያው ዓመት በዚያው ስታዲዮም ነው። የትልቁ ስታዲዮም የመግቢያ ገቢ ለባየርን አቅም ሆኖት ከ1974 እስከ 1976 ሦስት ዓመት በተከታታይ የአውሮፓን ዋንጫ አነሣ። እንዲያም ሆኖ በ2005 መም ወደሌለው አዲስ ስታዲዮም ሄደ። ሠላሳ ሦስት ዓመት ሙሉ ርቀቱን አልወደዱትም ነበር ማለት ነው።

ሮማም እንዲሁ ናት። ሮማና ላዚዮ ከ1953 ጀምሮ የተጫወቱበት ኦሎምፒክ ስታዲዮም መም ያለው ነው። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት እናርም፤ አበበ ቢቂላ በ1960 በባዶ እግሩ ያሸነፈው በዚህ ስታዲዮም ውስጥ ይመስለን የነበርን ብዙዎች ነን። ማራቶኑ ከካምፒዶልዮ ተነሥቶ ያለቀው በቆስጠንጢኖስ የድል በር ሥር እንጂ ስታዲዮም ውስጥ አልነበረም።

ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ በ1992 በ10 ሺህ ሜትር አሸንፋ ከደቡብ አፍሪካዊቷ ከኤላና ማየር ጋር እጅ ለእጅ ተያይዘው የዞሩበትን የሞንትዡይክ ስታዲዮም የማያስታውስ የለም። አምስት ዓመት ሳይሞላ፣ በዕዳ የተያዘው እስፓኞል የሚባለው ክለብ ከ1923 ጀምሮ የነበረበትን የሳሪያን ሜዳ ሸጦ በ1997 ወደዚያ ገባ። አሮጌው ሜዳ ፈረሰ። ተራራ ላይ ባለው ሰፊ ስታዲዮም አሥራ ሁለት ዓመት ከርሞ በ2009 የራሱን ቤት ሠርቶ ወጣ። ደራርቱ የዞረችበት ቦታ ለእኛ ደስታ፣ ለእነርሱ ስደት ነበር።

ማንቸስተር ነገሩን በብልሃት ይዛዋለች ብለን እናምናለን። ለ2002 የኮመንዌልዝ ጨዋታ ስታዲዮም ስትሠራ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ማንቸስተር ሲቲ እንደሚገባበት መጀመሪያውኑ ተወስኖ ነበር። ውድድሩ እንዳበቃ መሙን አነሡት፤ ሜዳውን ወደ ታች ቆፍረው በዝቅታው ሌላ የመቀመጫ ረድፍ ጨመሩ። 38 ሺህ ያህል ይይዝ የነበረው ወደ 48 ሺህ ደረሰ፤ ተመልካቹም ከሜዳው አጠገብ ተቀመጠ። ለሯጮቹ ደግሞ ከጎኑ ያለው አነስተኛው መም ተተወላቸው። የኪራዩም ውል ቢሆን ደኅና ነበር፤ ክለቡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አሮጌው ሜዳ ሜይን ሮድ ይይዝ ከነበረው ቁጥር በላይ ከሚገባው ሰው ገቢ ላይ ለከተማው ምክር ቤት ያካፍል ነበር።

ከሜይን ሮድ ሲወጡ የሆነ አንድ ነገር ልባችንን ነክቶታል። በዚያ ሜዳ ሲቲ ያገባትን የመጨረሻዋን ግብ ያስቆጠረው ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪያን ፎዬ ነው፤ በሚያዝያ 2003። ከሁለት ወር ጥቂት ቀናት በኋላ ሰኔ ውስጥ፣ ሊዮን ከተማ ላይ ለአገሩ ሲጫወት ሜዳ ላይ ወድቆ አረፈ። አዲሱ ስታዲዮም ሲከፈት ሟቾች የሚታሰቡበት የአትክልት ቦታ ነበረው፤ ለፎዬም በዚያ መታሰቢያ ቆመለት። እንግሊዞች እድር ባይኖራቸውም ሙታቸውን በክለባቸው በኩል የሚያስቡ ብዙ ናቸው፤ አስከሬኑ ተቃጥሎ አመዱ በክለቡ ሜዳ እንዲበተን የሚናዘዝም አለ። ይህን ያነሣነው ክለብ ቤት ሲለውጥ የሚጓዘው ዕቃና ዋንጫ ብቻ እንዳልሆነ እንዲታወቅ ነው።

አሁን ወደ ድንኳኑ ክርክር፣ ወደ ለንደን እንመለስ።

ዌስትሃም በ1895 በቴምዝ ወንዝ ዳር የመርከብ ፋብሪካ ሠራተኞች ያቋቋሙት ክለብ ነው፤ በአርማው ላይ ያሉት ሁለት መዶሻዎች ከዚያ የመጡ ናቸው። በ1904 አፕተን ፓርክ በሚባለው ሰፈር ቦሊን ከተባለው ሜዳ ገብቶ 112 ዓመት ኖረ። ሠላሳ አምስት ሺህ ያህል ሰው ይይዝ ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከባቡር ወርዶ በግሪን ስትሪት እየተጋፋ የሚያልፈው ሕዝብ ለምግብ ቤቱም ለመጠጥ ቤቱም ሲሳይ ነበር።

ለንደን በ2005 የኦሎምፒክን አዘጋጅነት ስታገኝ፣ ስታዲዮሙ ከውድድሩ በኋላ ለሩጫ እንደሚቀር ቃል ገብታ ነበር። ስለዚህም የላይኛው ክፍል ተፈቶ የሚነሣ፣ ከ80 ሺህ ወደ 25 ሺህ መቀመጫ የሚቀነስ ተደርጎ ተነደፈ። የኳስ ክለብ ይግባበት የሚል ሐሳብ በጊዜው ቢነሣም አልተያዘም። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው እንላለን። ቤት ሲሠራ ማን እንደሚኖርበት ካልታወቀ፣ በኋላ ግድግዳ ማፍረስ አይቀርም።

ሕንፃው ሳያልቅ ሐሳብ ተለወጠ። ቶተንሃም ስታዲዮሙን በአመዛኙ አፍርሼ መም የሌለው የኳስ ሜዳ ልሥራበት፣ ለሯጮቹም ክሪስታል ፓላስ ያለውን አሮጌ ስታዲዮም ላድስላቸው አለ። ዌስትሃም ከኒውሃም የወረዳ ምክር ቤት ጋር ሆኖ መሙን እጠብቃለሁ አለ። በየካቲት 2011 ዌስትሃም ተመረጠ። ቶተንሃምና በአካባቢው ያለው ትንሹ ክለብ ሌይተን ኦሪየንት ተቃውመው ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በጥቅምት ውሉ ፈረሰና ስታዲዮሙ በሕዝብ እጅ ይቅር ተባለ። በማግሥቱ ዓመት ነሐሴ ውስጥ የእኛዎቹ ሮጡበት። ጥሩነሽ በ10 ሺህ፣ መሠረት ደፋር በ5 ሺህ ሜትር ወርቅ አገኙ። (ቲኪ ገላና በማራቶን ያሸነፈችው ግን ከተማው መካከል፣ ዘ ሞል ከተባለው ጎዳና ላይ ነው።)

በመጋቢት 2013 ዌስትሃም እንደገና ተመረጠ፤ አሁን እንደ ባለቤት ሳይሆን እንደ ተከራይ። ውሉ ለ99 ዓመት ነው። ክለቡ ለማሻሻያው 15 ሚሊዮን ፓውንድ በአንድ ጊዜ፣ በዓመትም ሁለት ሚሊዮን ተኩል ያህል ኪራይ ሊከፍል ተስማማ። ሯጮቹ በበጋ አንድ ወር ያህል እንዲጠቀሙበት መብታቸው ተጠበቀ። ውሉን በዝርዝር ለሕዝብ እንዲገለጥ ያደረገው በ2016 የተሰጠ የዳኝነት ውሳኔ ነው። ሲገለጥም የጥበቃው፣ የግቡ ቋሚና የማዕዘኑ ባንዲራ ወጪ ሳይቀር በባለ ስታዲዮሙ፣ ማለትም በሕዝቡ ላይ መሆኑ ታወቀ። የሚገርም ተከራይ ነው! ባንዲራውን እንኳ አከራይ ይተክልለታል።

መሙን ሳያነሡ ተመልካቹን ለማቅረብ የታሰበው ዘዴ የታችኛውን መቀመጫ ተንቀሳቃሽ ማድረግ ነበር። ለኳስ ጊዜ በመሙ ላይ ይጎተታል፤ ለሩጫ ጊዜ ወደ ኋላ ይመለሳል። ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። ነገር ግን ጣሪያው መለወጥ ነበረበት፤ 190 ሚሊዮን ፓውንድ የተገመተው ማሻሻያ 323 ሚሊዮን ደረሰ። መቀመጫውን ለማንቀሳቀስ በመቶ ሺዎች ይበቃል የተባለው በየዓመቱ ብዙ ሚሊዮን በላ። በለንደን ከሚገኙት ድሆች ወረዳዎች አንዱ የሆነው ኒውሃም 40 ሚሊዮን ፓውንድ አግብቶበት ነበር። በ2017 መጨረሻ የወጣው ምርመራ ይህን ሁሉ ሲገልጥ፣ ኒውሃም ከሽርክናው ወጣ፤ የከተማው ከንቲባም ስታዲዮሙን ከነኪሳራው ተረከቡት።

ደጋፊውስ? ግንቦት 10 ቀን 2016 ቦሊን ላይ ማንቸስተር ዩናይትድን 3 ለ 2 አሸንፈው ተሰናበቱ። አዲሱ ስታዲዮም መጀመሪያ 57 ሺህ፣ በኋላ 62 ሺህ ተኩል ሰው ያዘ፤ የዓመት ትኬትም ረከሰ፤ ድሮ መግቢያ የሚያጣ ልጅ ከአባቱ ጋር ገባ። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን መቀመጫው ቢጎተትም ከግቡ ጀርባ ያለው ሰው ሩቅ ነው። ባለፉት አርባና ሃምሳ ዓመታት ጎን ለጎን ሲቀመጡ የነበሩ ሰዎች ተበታተኑ። በመጋቢት 2018 በርንሌይ 3 ለ 0 ሲያሸንፋቸው ቁጣው ገነፈለ፤ ሰዎች ሜዳ ገቡ፤ አንዱ የማዕዘኑን ባንዲራ ነቅሎ ሄደና የሜዳው እምብርት ላይ እንደ ድንኳን ካስማ ተከለው። ሌሎቹ ከክቡር ትሪቡን ሥር ቆመው ባለቤቶቹን ይጮሁባቸው ነበር። በ2023 ክለቡ ፕራግ ላይ ፊዮረንቲናን 2 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓ ዋንጫ ሲያመጣ፣ ከ1980 ወዲህ የመጀመሪያው ትልቅ ዋንጫ ስለነበር ብዙው ቁጣ በረደ። ዋንጫ ያስረሳል።

አፕተን ፓርክ ዛሬ የመኖሪያ ሕንፃ ሆኗል። የ1966ን የዓለም ዋንጫ ያነሡት የቦቢ ሙርና የጓደኞቹ ሐውልት ግን ከክለቡ ጋር አልሄደም፤ ባርኪንግ ሮድ ጥግ ላይ ቀረ። ክለቡ በ2021 በአዲሱ ስታዲዮም ሌላ ሐውልት አቆመ። የድሮው ሰፈር ነጋዴ ቅዳሜን ሲጠብቅ፣ ቅዳሜ እንደ ማክሰኞ ሆኖበታል። ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ወደ ኮንዶሚኒየም ከተበተኑ ወዲህ፣ ለቅሶ ለመድረስ ሁለት ታክሲ ይዘው የሚመጡትን ስናይ ይህ ነገር ሩቅ አገር ብቻ የሆነ አይመስለንም።

ሯጮቹ ግን ከዚያ ቤት ፈጽሞ አልተባረሩም። በ2017 የዓለም ሻምፒዮና ሲደረግ መቀመጫዎቹ ወደ ኋላ ተሰብስበው አልማዝ አያና በ10 ሺህ ሜትር፣ ሙክታር እድሪስ ደግሞ በ5 ሺህ ሜትር ሞ ፋራን በገዛ ከተማው ቀድመው ወርቅ ወሰዱ። በሐምሌ 2023 ጉዳፍ ፀጋይ በ5 ሺህ ሜትር እዚያው አሸነፈች፤ ከወር በኋላ ኳሱ ቀጠለ። ስለዚህ ለአዛውንቱ አባላችን የምንመልሰው፣ ቤቱ አልተሰጠም፣ ተከራይቷል፤ ኪራዩ ግን ወጪውን አይሸፍንም የሚል ነው።

ለሚቀጥለው ዓመት ስለ አዲስ አበባ ስታዲዮም፣ በተለይ ቡድናችን በ1954 ዓ.ም. (የእኛ ነው) ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ስላነሣበት ቀን ለመጻፍ አስበናል። በዚያ ቀን ስታዲዮም የነበራችሁ አባላት፣ ወይም የወላጆቻችሁ ትኬትና ፎቶግራፍ እጃችሁ ላይ ያለ፣ በወሩ ስብሰባ ቀን ይዛችሁ ብትመጡ ቀድተን ወዲያውኑ እንመልሳለን።