የኬረላ ጐርፍና የዓሣ አጥማጆች ታንኳ

ውሃ ለሰው ልጅ ሕይወቱ ነው፤ መጠኑን ባለፈ ጊዜ ግን ቤት አፍራሽ፥ ዘመድ ለያይ ይሆናል። በጐርፍ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ምን ታደርጋለች ተብሎ ቢጠየቅ፥ ብዙ ሰው የሚመልሰው «ትጸልያለች፥ ምጽዋትም ትሰበስባለች» ብሎ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። የቀረውን ለማስረዳት በህንድ አገር በኬረላ በ2010 ዓ.ም. የሆነውን ታሪክ ለክቡራን አንባቢዎች በአጭሩ እናቀርባለን።

ኬረላ ለእኛ ፈጽማ እንግዳ አገር አይደለችም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ከታላላቆቻችን ብዙዎቹ ሒሳብና ሳይንስ የተማሩት ከዚያ ከመጡ መምህራን ነው። ክርስቲያኖቿ እምነታቸውን ከሐዋርያው ከቶማስ እንደ ተቀበሉ በትውፊት ይናገራሉ፤ ከእነርሱም መካከል የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከእኛ ጋር በሃይማኖት አንድ ናት። በጥር 1957 ዓ.ም. የአምስቱ እኅትማማች አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች በአዲስ አበባ በተሰበሰቡ ጊዜ፥ የእርስዋም ካቶሊኮስ በጉባኤው ተገኝተው ነበር። ስለዚህ የኬረላ ኀዘን የባዕድ ኀዘን አይደለም።

አገሪቱ በምሥራቅ በረዥም የተራራ ሰንሰለት፥ በምዕራብ በባሕር መካከል የተዘረጋች ጠባብ ምድር ናት። ካሏት 44 ወንዞች 41ዱ ወደ ምዕራብ ይወርዳሉ። ከተራራው እስከ ባሕሩ ያለው መንገድ አጭር በመሆኑ፥ ክረምቱ የበረታ እንደ ሆነ ውሃው በአንድ ሌሊት ከቈላው ይደርሳል። ኩታናድ በሚባለው አውራጃ ደግሞ ገበሬዎች ከባሕር ወለል በታች ባለ መሬት ላይ ግድብ እየሠሩ ሩዝ ይዘራሉ።

የኬረላ ሰዎችም እንደ እኛ የራሳቸው የዘመን አቆጣጠር አላቸው። በእነርሱ ዘመን በ1099፥ በእኛ በሐምሌ 1916 ዓ.ም.፥ ልዑል አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን አውሮጳን በሚጐበኙበት ወራት፥ ታላቅ ጐርፍ ደረሰባቸው። ወደ ሙናር ተራራ የሚያወጣው ትንሹ የባቡር ሐዲድ በውሃ ተጠርጎ ጠፋ። ያን ጊዜ ማኅተማ ጋንዲ በጋዜጦቻቸው ላይ ለተጐዱት ርዳታ እንዲዋጣ ለመኑ፤ ሴቶች ጌጣቸውን፥ ልጆችም የወተታቸውን ዋጋ ሰጡ። ሽማግሌዎቹ ይህን መከራ «የዘጠና ዘጠኙ ጐርፍ» እያሉ ለልጅ ልጆቻቸው ሲያወሩት ኖሩ። ዘመን እየራቀ ሲሄድ ግን ለብዙው ሰው እንደ ተረት ሆነ።

ተረቱ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ተመልሶ መጣ። ከግንቦት 24 ቀን እስከ ነሐሴ 13 ቀን የዘነበው ዝናብ ከልማዱ ከመቶ 42 እጅ በለጠ። ግድቦቹ በመሙላታቸው የ35ቱ መዝጊያ ተከፈተ። ነሐሴ 9 ቀን፥ እኛ በፍልሰታ ጾም ላይ ሳለን፥ በእነርሱ አቆጣጠር የእመቤታችን የዕርገት በዓል በሚከበርበት ዕለት፥ የፓምፓና የፔሪያር ወንዞች ከዳርቻቸው ወጥተው መንደሮቹን አለበሱ። በቼንጋኑርና በአሉቫ፥ በቻላኩዲም ሕዝቡ በየጣራው ላይ ወጥቶ ይጮኽ ጀመር። የኮቺ አውሮፕላን ማረፊያም በውሃ ተሞልቶ ተዘጋ። ሠራዊቱ በሄሊኮፕተርና በጀልባ ብዙ ደከመ፤ ነገር ግን ጩኸቱ ከየአቅጣጫው ስለ ነበረ ለሁሉ ሊደርስ አልቻለም።

በዚህ ጊዜ ያልታሰበ ረዳት ተነሣ። በቲሩቫናንታፑራምና በኮላም ባሕር ዳር የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች፥ አብዛኞቹ የካቶሊካውያን ደብሮች ምእመናን፥ የካህናቶቻቸውን ጥሪ ሰምተው ታንኳቸውን ከባሕር አወጡ። በካሚዮን ጭነው ሌሊቱን በመገስገስ ወደ ተጥለቀለቀው አገር ደረሱ። እነዚህ ሰዎች ባለጠጎች አልነበሩም። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ኦኪ የተባለው ማዕበል ከዚያው ባሕር ዳር ከመቶ የሚበልጡ ዓሣ አጥማጆችን ወስዶ ነበር፤ ብዙዎቹም ሬሳቸው እንኳ ሳይገኝ፥ ሚስቶቻቸው ባሕር ባሕሩን ሲያዩ ቀርተዋል። ከዚያ መርዶ ዘጠኝ ወር ሳይሞላ ነው የሟቾቹ ወንድሞች ሌላውን ከውሃ ለማውጣት የሄዱት።

በመንግሥቱ ቈጠራ መሠረት 4,537 ዓሣ አጥማጆች 669 ታንኳ ይዘው ወጡ፤ ያዳኑትም ሕዝብ ከ65,000 አያንስም። ለባሕር የተሠራው ታንኳ በግንብ አጥርና በተሰወረ ምሰሶ ላይ እየተጋጨ ተሰነጠቀ፤ እነርሱ ግን አልተመለሱም። በሰሜኑ የባሕር ዳር የሚኖሩ እስላሞችም እንዲሁ አደረጉ። በማላፑራም አውራጃ አንድ ዓሣ አጥማጅ፥ ሴቶች ወደ ታንኳው መውጣት በተሳናቸው ጊዜ፥ በውሃው ውስጥ ተንበርክኮ ጀርባውን መረገጫ አድርጎ ሰጣቸው። ያዳኗቸው ሰዎች ብዙዎቹ ባለ ፎቅ ቤት፥ በሌላ ጊዜ እነዚህን ድሆች ዓሣ ሲያዞሩ በደጃቸው ብቻ የሚያዩአቸው ነበሩ። ምጽዋት ሰጪውና ተቀባዩ በዚያች ሌሊት ቦታ ተለዋወጡ።

ከውሃ የወጣው ሕዝብ ከዝናቡ የሚጠለልበት ያስፈልገው ነበርና፥ አብያተ ክርስቲያናት አዳራሾቻቸውንና ትምህርት ቤቶቻቸውን ከፈቱ፤ መስጊዶችና የሂንዱ መቅደሶችም እንዲሁ። ከ3,000 በሚበልጡ መጠለያዎች ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ተቀመጠ። ነሐሴ 16 ቀን የእስላሞች የዐረፋ በዓል በደረሰ ጊዜ፥ መስጊዳቸው በውሃ የተሞላባቸው ምእመናን በአንድ የሂንዱ መቅደስ አዳራሽ ሰገዱ። የሞቱት ከ400 በላይ ነበሩ፤ ይህ ሁሉ ርዳታ ባይኖር ግን ቍጥሩ ምን ያህል በሆነ ነበር!

ውሃው ሲጐድል ሁለተኛው መከራ ተጀመረ። ወደ ቤቱ የተመለሰው ሰው ያገኘው እስከ ጉልበት የሚደርስ ጭቃ፥ በዕቃው መካከል የተጠመጠመ እባብ፥ የተበከለ የጕድጓድ ውሃ ነበር። እነርሱ የአይጥ ትኩሳት የሚሉት በሽታም ተነሣ። ያን ጊዜ ካህናትና መነኮሳይያት፥ ተማሪዎችም አካፋና መጥረጊያ ይዘው ከቤት ወደ ቤት ሄዱ። የዓመት በዓላቸውን ድግስ ትተው ገንዘቡን ለተፈናቀሉት ያዋሉ ደብሮችም ነበሩ። ታንኳው ያዳነው ነፍስን ነው፤ መጥረጊያው ደግሞ ተስፋን አዳነ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ እንዴት ባማረ! ነገር ግን ዓሣ አጥማጆቹ ራሳቸው ቤት የሚያጡበት ጊዜ መጣ። በቲሩቫናንታፑራም ዳር ባሕሩ የብሱን እየበላ የመንደሮቻቸውን ቤቶች ወሰደ፤ የተፈናቀሉት ቤተ ሰቦችም በሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ፥ መጋረጃ እየጋረዱ፥ ለዓመታት ኖሩ። በ2014 ዓ.ም. ክረምት ከካህናቶቻቸው ጋር ሆነው ለአቤቱታ አደባባይ ወጡ፤ ከጥያቄያቸውም አንዱ ለእነዚህ ሰዎች መኖሪያ እንዲሰጥ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት በአበባ ጕንጕን የተመሰገኑት ሰዎች መጠለያ ለማኝ ሆኑ። እነርሱ ወደ ተራራው ሥር በአንድ ሌሊት ደርሰው ነበር፤ ወደ እነርሱ የሚደርሰው ርዳታ ግን ዓመታት ፈጀበት።

እኛም ከዚህ የምንማረው አለን። በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ደቻቱ የተባለው፥ ዓመቱን ይበዛ ደረቅ አሸዋ ሆኖ የሚታየው ወንዝ፥ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 የሚበልጡ ሰዎችን ገደለ፥ ሺሕዎችንም ያለ ቤት አስቀረ። ጐርፍ ቀጠሮ አይሰጥም። በመጣ ጊዜ የሚጠቅመው አስቀድሞ የተዘጋጀው ነው፤ ይኸውም ምእመናኑን በየስማቸው የሚያውቅ ካህን፥ ተጠርቶ የሚመጣ ሕዝብ፥ ለማን ይከፈታል ሳይባል የሚከፈት ደጅ ነው። የኬረላ ደብሮች በዚያች ሌሊት ታንኳ ሊያስነሡ የቻሉት ዓሣ አጥማጁን ከጐርፉ በፊት ያውቁት ስለ ነበረ ነው።

ነገር ግን ጥሪውን ሰምቶ የመጣውን ሰው ጐርፉ ካለፈ በኋላ ማሰብ ደግሞ የሥራው ሁለተኛ ክፍል ነው። ርዳታ የዕለት ሥራ ብቻ እንደ ሆነ ምስጋናው ከጭቃው ጋር ይደርቃል። ስለዚህ ደብር ሁሉ የተረጂዎቹን ስም በሚጽፍበት መዝገብ፥ የረዱትን ድሆች ስም ደግሞ በሌላው ገጽ ይጻፍ፤ ተራው የእነርሱ በሆነ ጊዜ አንብቦ ይነሣ ዘንድ።