ቢራ የወንድ የሆነው መቼ ነው?



በማኅበራዊ ሠራተኛነቴ ከቤተሰቦች ጋር ስነጋገር ከሰማሁት አንድ ነገር ልነሣ። አንድ የ15 ዓመት ልጅ ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ቢራ መጠጣት በመጀመሩ ወላጆቹ ተጨንቀው ነበር። ለምን እንደሚጠጣ ስጠይቀው «ወንድ ነኝ እኮ!» አለኝ። እናቱ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆዩና «ልጄ፣ አገር ቤት ጠላውን ስጠምቅ የኖርኩት እኔ ነኝ። መጠጥ ወንድ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ እኔ ቀድሜህ ወንድ በሆንኩ ነበር» አሉት። ልጁም ሳቀ፤ እኔ ግን ነገሩን ሳስበው ከረምኩ። የእናቱን ሥራ እያየ ያደገ ልጅ፣ መጠጥ የወንድነት ምልክት ነው የሚለውን ሐሳብ ከየት አመጣው?

እንደሚታወቀው በአገር ቤት ጠላ የሴት እጅ ሥራ ነው። ብቅሉን አብቅላ፣ ጌሾውን ወቅጣ፣ ጋኑን በወይራ አጥና የምትጠምቀው እናት ናት። በዓሉ ሲደርስ ጠላው ጎምዝዞ ቢገኝ የምትወቀሰው፣ ጥሩ ሆኖ ቢገኝ የምትመሰገነው እሷ ናት። ስለዚህ የባለሙያዋን ስም የማያውቅ ጠጪ አልነበረም።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገርም በመካከለኛው ዘመን ለሽያጭ የሚቀርበውን መጠጥ በብዛት የሚጠምቁት ሴቶች ነበሩ። ጁዲት ቤኔት የተባሉ የታሪክ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህ እንዴት እንደተለወጠ አስረድተዋል። በ1348 ከገባው ታላቅ ወረርሽኝ በኋላ የመጠጥ ገበያ እየሰፋ ሄደ። እንደ እኛ ጌሾ የሚጨመርበት ሆፕስ የተባለ ተክል ያለበት፣ ብዙ ቀን ሳይበላሽ የሚቆይ ቢራም ተስፋፋ። ሥራው ትልቅ ዕቃና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆነ። ገንዘብ ለመበደርና በነጋዴዎች ማኅበር ለመሾም የሚመቻቸው ደግሞ ወንዶች ነበሩ። በ1600 አካባቢ ጠመቃ በአብዛኛው በወንዶች እጅ ገብቶ ነበር። ሴቲቱ ከሥራው የወጣችው ሙያው ጠፍቷት ሳይሆን ገንዘቡና ሥልጣኑ ስላልነበራት ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ በኋላ የመጣው ማስታወቂያ ነው። በዚህ ረገድ የአሜሪካ ታሪክ ብዙ ያስተምራል። በዚያ አገር ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ መሥራትና መሸጥ በሕግ ተከልክሎ ነበር። ለክልከላው ከታገሉት መካከል በ1874 የተመሠረተው የክርስቲያን ሴቶች ማኅበር አንዱ ነው። ባሎቻቸው ደመወዛቸውን በመጠጥ ቤት የሚጨርሱባቸው ሴቶች ድምፅ ነበረበት። ክልከላው ከተነሣ በኋላ የአረቄና የዊስኪ ፋብሪካዎች ቁጣው እንዳይመለስባቸው ስለፈሩ የሴት ምስል በማስታወቂያቸው እንዳይታይ ራሳቸው ደንብ አወጡ። ይህ ደንብ የላላው በ1958 ነው። ስለዚህ ለብዙ ዓመታት በዊስኪ ማስታወቂያ ላይ የሚታየው ወንድ ብቻ ነበር።

የቢራ ፋብሪካዎች ግን ሌላ መንገድ መረጡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቢራ ከመጠጥ ቤት ወጥቶ ወደ ቤት እንዲገባ ፈለጉ። የቤት ዕቃ የምትገዛው ሚስት ስለሆነች እሷን በማስታወቂያው አስገቧት። ነገር ግን እንዴት አድርገው? ለባሏና ለእንግዶች የምታቀርብ አድርገው ነው። በ1950ዎቹ የወጣ አንድ የሽሊትስ ቢራ ማስታወቂያ፣ ምግብ አሮባት የምታለቅስ ሚስትና የሚያጽናናት ባል ያሳያል። ማጽናኛውም «ቢያንስ ቢራውን አላሳረርሽውም» የሚል ነው። ቢራ ጠማቂ የነበረችው ሴት፣ ቢራውን ባለማበላሸቷ የምትመሰገን ሆነች።

ቀጥሎ የመጣው ዘመን ደግሞ ሴቲቱን አስተናጋጅ ከመሆንም አውጥቶ ጌጥ አደረጋት። በ1991 ኦልድ ሚልዋኪ የተባለው ቢራ በቴሌቪዥን ባቀረበው ማስታወቂያ፣ ጫካ ውስጥ ለሚዝናኑ ወንዶች ከቢራው ጋር የዋና ልብስ የለበሱ ሴቶች ይመጡላቸዋል። በዚያው ዓመት፣ ቢራውን በሚሠራው የስትሮ ኩባንያ፣ በሚኒሶታ ክፍለ ሀገር በሴንት ፖል ፋብሪካ የሚሠሩ ሴቶች ክስ አቀረቡ። በሥራ ቦታቸው ይደርስባቸው የነበረውን ጾታዊ ትንኮሳ የኩባንያው ማስታወቂያ እንዳበረታታው ተናገሩ። ኩባንያው ማስታወቂያው ከዚህ ጋር አይገናኝም ብሎ ተከራከረ፤ ጉዳዩም በ1993 በስምምነት ተቋጨ። እነዚህ ሴቶች ቢራውን የሚሠሩት ራሳቸው መሆናቸውን ልብ በሉ። በማስታወቂያው ግን ሠራተኛዋ የለችም።

እዚህ በእስራኤልም ነገሩ እንግዳ አይደለም። በ2008 የወጣ የጎልድስታር ቢራ ማስታወቂያ «ወንድ ስለሆንክ አምላክን አመስግን» በሚል መልእክት፣ የሴትን ጉዳይ ረጅምና የተወሳሰበ፣ የወንድን ግን አጭርና ቀላል አድርጎ በሥዕል አሳይቶ ነበር። ብዙ ሰው በቀልድ አልፎታል። ቀልድ ግን ትምህርት ነው፤ በተለይ ልጅ ሲሰማው።

በ2012 ክኔሴት የመጠጥ ማስታወቂያን የሚገድብ ሕግ አውጥቷል። በሕጉ መሠረት ማስታወቂያ ለታዳጊዎች ታስቦ መዘጋጀት የለበትም፤ ከመጠን ያለፈ መጠጥ እንደሚጎዳ የሚገልጽ ማስጠንቀቂያም ይጻፍበታል። በኢትዮጵያ በ2019 በወጣው አዋጅ በሬዲዮና በቴሌቪዥን አልኮል ማስተዋወቅ ስለተከለከለ፣ በቅርብ የመጣችሁ ቤተሰቦች እዚህም እንደዚያ ሊመስላችሁ ይችላል። እዚህ ግን ማስታወቂያው ተገደበ እንጂ ጨርሶ አልተከለከለም። ማስጠንቀቂያውም የሚናገረው ስለ ጤና ነው። ምስሉ ስለ ልጃችሁና ስለ ልጃችሁ እኅት የሚናገረውን የሚያርም ሕግ ቢኖር እንኳ፣ ቤት ውስጥ ካልተነገረ ብዙ አይጠቅምም።

ብዙ ወላጆች «ዕብራይስጡን ልጆቻችን ይበልጡናል፣ እኛ ምን እናውቃለን?» ትሉኛላችሁ። ማስታወቂያ ግን የሚሠራው በቃል ሳይሆን በምስል ነው፤ ምስል ለማንበብ ኡልፓን አያስፈልግም። ከልጆቻችሁ ጋር ቴሌቪዥን ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቋቸው። የሚጠጣው ማን ነው? የምታቀርበው ማን ናት? የሠራውስ ሰው የት አለ?

ያች እናት ለልጃቸው የመለሱት መልስ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ጋር የሚስማማ ነው። መጠጥን ከወንድነት ጋር ያያያዙት ሊሸጡት የፈለጉ ሰዎች ናቸው። ልጁ መጠጣቱን በአንድ ቀን አላቆመም። ነገር ግን ቢራ ሲቀርብለት «ወንድ ነኝ» የሚለውን ቃል ከዚያ በኋላ እንዳልደገመው እናቱ ነግረውኛል። ለእኔ ይህ ጥሩ መጀመሪያ ነው።